ይሄ ነው ሃያ ደቂቃ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሜሪላንድ ስላለው የካልቨርት ክሊፍስ ባህር ዳርቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። አንብቤ ብተወው ጥሩ ነበር። አምኜ ሄድኩ።

«ከመኪና ማቆሚያው የ20 ደቂቃ ቀላል የእግር ጉዞ» ይላል። እስቲ እናስላው። በጫካው ውስጥ እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚወስደው፣ በቀይ ምልክት የተለየው መንገድ 1.8 ማይል ነው። ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ20 ደቂቃ ለመጨረስ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ይሄ ሩጫ እንጂ የእግር ጉዞ አይባልም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 በጨረሰበት ፍጥነት ቢሮጥ 9 ደቂቃ አይፈጅበትም። ጸሐፊያችሁም ብዙ አልራቁትም፤ ፌዴሬሽኑ ቢያያቸው አይከፋም።

እኔ የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። አራስ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣች የ68 ዓመት ሴት ናት። ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ በአንቀልባ፣ ባለቤቴ ምግብ የሞላ ኩለር ተሸክሞ። እኛ ሐበሾች ሽርሽር ስንወጣ ቤቱን ነቅለን ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ግን አሮጊት የለችም፣ ሕፃን የለም፣ ኩለር የለም። ለማን ነበር የተጻፈው?

ረግረጉ ጋ ስንደርስ እማዬ፣ «ሃያው ደቂቃ አላለቀም?» አለች። አንድ ሰዓት ሊሞላን ነበር። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው ጠየቀችኝ። ባለቤቴማ መናገሩንም ትቶ ነበር።

ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ላይ አንድ ሰው ገደሉ ስር መቆሙን ልለፈው። ገደሉ ስለሚናድ እዚያ መሄድ ክልክል ነው፤ ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል።

ዳርቻው ላይ የጥንት ሻርክ ጥርስ ይገኛል ማለታችሁ ግን እውነት ነው። አካባቢው ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባህር ስለነበር፣ ገደሉ በተሸረሸረ ቁጥር ውስጡ ተቀብሮ የቆየው ጥርስ ዳርቻው ላይ ይወድቃል። አሸዋውን የምንነፋበት ወንፊት ከቤት ይዤ ነበር። እማዬ አየችውና፣ «የዱቄት ወንፊት ለአሸዋ? አብደሻል?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ነጠቀችኝና እሷው ጥፍር የምታህል ጥቁር ጥርስ አገኘች። እኔ ምንም አላገኘሁም።

እባካችሁ እርማት አውጡ። ስለ መመለሻውም አንድ መስመር ጨምሩ፤ ያው 1.8 ማይል ነው፣ ያውም ደክሞ። ጽሑፋችሁ ስለ መመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጸሐፊው እስካሁን እዚያው ናቸው እንዴ?

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ