ያኮረፈ ሰውም ያምናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እሑድ ጠዋት የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየቦረሸ «ጋሼ፣ እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ፤ አምልኮ ግን አያስፈልግም» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ለምን እንደዚያ እንዳለ ስጠይቀው ጫማውን አስቀመጠና «ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ የእኔ ስግደት ምን ይጨምርለታል? ሙገሳ የሚጠማው ሹም እንጂ አምላክ አይደለም» ሲል መለሰልኝ።

መልስ እየፈለግሁ ሳለ ስልኩ ጠራ። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ተመስገን። እማዬም ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ስልኩን ሲዘጋ «ሦስት ጊዜ አመሰገንህ» አልኩት። «ሰላምታ ነው» ብሎ ሳቀ። አልተከራከርኩትም። እኔም ያንኑ ቃል ለብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ከልቤ ሳልል ስናገረው ኖሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ክርስቲያን ነበሩ፤ እናቴ ደግሞ የሼህ ልጅ ነበረች። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። በአባቴ ዳዊት ውስጥ እግዚአብሔር ብራብ እንኳ ለአንተ አልነግርህም፣ ዓለም ሁሉ የእኔ ነው የሚልበት መዝሙር አለ። ቁርኣንም አላህ ከዓለማት ሁሉ የተብቃቃ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ስግደት ግብር አይደለም፤ ባለመክፈላችን የሚጎድልበት ግምጃ ቤት የለም። እስከዚህ ድረስ ከልጁ ጋር ነኝ።

ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ማመን ብቻውን ብዙ የሚያስመካ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የያዕቆብ መልእክት አጋንንትም እንደሚያምኑ፣ እንዲያውም እንደሚንቀጠቀጡ ይነግረናል። በእናቴ ወገን ደግሞ ኢብሊስ አለ። ፈጣሪውን «ጌታዬ ሆይ» ብሎ ያናገረ ነው፤ መኖሩን ለአፍታም አልተጠራጠረም። ለአዳም ስገድ ሲባል ግን እምቢ አለ። «አምናለሁ» ለማለትማ እርሱን የሚቀድመው ማን ነው?

ይህን ለልጁ ነገርኩት፤ አልገባውም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ዋናውን ነገር ደብቄ ጥቅስ ብቻ ስለሰጠሁት ነው። ዋናው ነገር በ1977 ዓ.ም. የደረሰብኝ ነው።

ያን ጊዜ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። ከወደቡ የእርዳታ ስንዴ ጭነን በሚሌና በባቲ አድርገን ኮምቦልቻ እንገባለን፤ አንዳንዱን ጭነት ባቲ እናራግፋለን። ከባቲ ወጣ ብሎ የነበረውን የረሃብተኞች መጠለያ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልዘርዝረው አልፈልግም። አንድ ቀን ስናራግፍ ጆንያ ተቀደደና ጥቂት ስንዴ መሬት ላይ ፈሰሰ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ከአቧራው ለቀመችው። በመዳፏ ይዛ እፍ እፍ አለችው፤ አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ቀና አለችና «አልሐምዱሊላህ» አለች።

በሞት መናደድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተናደድኩት በምስጋናዋ ነው። ምሳዬን በልቻለሁ፣ ለእራቴ የሚሆን ገንዘብ በኪሴ አለ፣ እርሷ ታመሰግናለች። «ለዚህም ደግሞ ይመሰገናል?» አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸለይ ተውኩ።

ልብ በሉልኝ፣ ማመኔን አልተውኩም። ዘመኑ የውይይት ክበብ ዘመን ነው፤ ፈጣሪ የለም ማለት ያስጨበጭብ ነበር። እኔ ግን የለም ብዬ አላውቅም። የለም ካልኩ ማንን ልቀየም? ያደረግሁት ነገር በአማርኛ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል። አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሲኳረፉ እንጀራው ይቀርባል፣ በሩ ይከፈታል፣ ቃል ግን የለም። እኔም እንደዚያ ኖርኩ። ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት አደግሁ፤ በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋብን ወደ ጅቡቲ ዞርን። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳልፍ ሲጋራዬን አጠፋለሁ፤ አልሳለምም። በአዛን ሰዓት ሬዲዮ እቀንሳለሁ፤ ዱዓ አላደርግም። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስወጣ፣ ይልቁንም ፍሬን እየሸተተኝ ቁልቁል ስመለስ፣ ሌላው ሾፌር ሁሉ ያማትባል ወይም ቢስሚላህ ይላል። እኔ መሪዬን ጨብጬ ዝም።

የማያምን ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም። ሲጋራውን ለማን ብሎ ያጠፋል?

ስለዚህ «ያለ አምልኮ ማመን ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይቻላል ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ። ብቻ ያ ዝምታ ባዶ ቦታ አልነበረም። እያንዳንዱ ያልተባለ ጸሎት አንድ ነገር ይል ነበር። የእህቴ ልጅ ዝምታ ግን እንደ እኔ አይደለም። እርሱ ተጣልቶ አያውቅም፤ የሚጣላበት ምክንያትም አላገኘም፣ አያግኝም። የእርሱ አምላክ ምንም አይጠይቀውም፤ እርሱም ምንም አይጠይቀውም። የእኔ ኩርፊያ ቢያንስ አድራሻ ነበረው።

(ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሲወጣ ሚዛን የሚያጎድለውን ነጋዴ እዚህ ላይ የሚያነሳብኝ አንባቢ አይጠፋም። እርሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ስኳር የምገዛው ከእርሱ ነው። የእርሱ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ኩርፊያው የተሰበረው በ2014 ኅዳር ነው። ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገብቶ ሳለ እኔና እህቴ ከቤት አልወጣንም፤ ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። አጠገባችን ያሉት እናት ዱበርቲ፣ ማለትም ዱዓ የሚመሩ ሴት ናቸው፤ በደጉ ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ወዳጃ የሚባለውን የዱዓ ስብስብ ያስቀምጣሉ። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ምሽትም ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም «ኑ፣ ዱዓ እናድርግ» ብለው ሰበሰቡን። ቡናው አልቆ ስለነበር ገለባውን አፈሉ። ዕጣኑ ግን አልጠፋም፤ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። በወዳጃ ሁሉም በየተራው ልቡ ያለውን ይለምናል፤ ሌላው ይቀበለዋል። አንዷ ለልጇ ለመነች፣ አሚን ተባለ። እህቴ ለአገር ሰላም ለመነች፣ አሚን ተባለ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

ምንም አላዘጋጀሁም። እዝለዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው «በሰባ ሰባት የት ነበርህ?» የሚል ነው።

ዝም አሉ። እህቴ በጨለማው ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ዱበርቲዋ ቀስ ብለው «አሚን» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ አሚን፣ አሜን። ለጥያቄ አሚን ሲባል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ የአባቴን ዳዊት ከሳጥን አወጣሁ። በልጅነቴ ማለዳ ማለዳ ሲደግሙት እሰማ ነበር፤ ዜማው እንጂ ቃሉ አይገባኝም ነበር። አሁን አማርኛውን እየተከተልኩ ሳነብ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚል አገኘሁ። አባቴ ይህን ለዓመታት በየሳምንቱ ሲያነቡት ኖረዋል፤ አምልኮ ብለውም ነው የሚያነቡት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አርጅቼ አወቅሁት፤ አቤቱታም በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አለው። እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አምልኮ ማለት ምስጋና ብቻ መስሎኝ፣ ማመስገን ስላቃተኝ ከግቢው ወጣሁ። አንድ ሰው ደፍሮ «ተጣልተህም መምጣት ትችላለህ» ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ቀደም ብዬ እመለስ ነበር።

መልስ አገኘህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላገኘሁም። የባቲዋ ሴት እስከ ዛሬ ድረስ ትመጣብኛለች፤ በሕይወት ትትረፍ አትትረፍ አላውቅም። ድሮ በምስጋናዋ እናደድ ነበር። አሁን ያን ቃል ያለችው ለስንዴው ይሁን ለሌላ ነገር ልጠይቃት እመኛለሁ።

አሁን በየወሩ በሃያ ሰባት በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ መድኃኔዓለም እሄዳለሁ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ ወደ ውስጥ አልዘልቅም። በድሮ ጊዜ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ደጅ ይጠና ነበር፤ እኔም ያንኑ እያደረግሁ ነው። ሐሙስ ማታ ደግሞ ዱበርቲዋ ቤት ሦስተኛውን ቡና፣ በረካውን ሳልጠጣ አልነሳም። የእህቴ ልጅ በዚህ ይስቅብኛል። «ታዲያ ጋሼ፣ ከሄድክ ለምን አትገባም?» ይለኛል። ገና አልታረቅንም፣ መነጋገር ግን ጀምረናል አልኩት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬን የምታወጡልኝ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ጋዜጣችሁን የሚገልጠው ለስፖርቱ ብቻ ነው። ከተቻለ እዚያው ገጽ አጠገብ አድርጉልኝ።

ጡረታ የወጣ ሾፌር
ከኮምቦልቻ