ያልተሠራ ሥራ እንደ ተሠራ ተፈርሞበት ስለ ተመለሰልኝ አውሮፕላን የቀረበ ቅሬታ

ለአውሮፕላን ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የአንድ ሴስና 172 ዓመታዊ ምርመራን እና በጥገና መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ቃል ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለጥገና ኃላፊዎ ሦስት ጊዜ በስልክ ያስረዳሁት ነገር እርስዎ ዘንድ እንዳልደረሰ ስለ ገባኝ ነው። ደርሶ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

አውሮፕላኔ ሴስና 172 ኤም ነው፤ ሞተሩ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ኦ-320። ያረጀ ነው፤ ይህ ሞዴል መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነውና። የምበረው ለኑሮ ሳይሆን ለደስታዬ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ዓመታዊ ምርመራውን ስታካሂዱልኝ የቆያችሁት እናንተ ናችሁ። ዘንድሮም እንደ ወትሮው አስረከብኳችሁ፤ ተመርምሮ ለበረራ ብቁ ሆኗል የሚል ፊርማ አርፎበት ተመለሰልኝ። ሒሳቡንም በዕለቱ ከፈልኩ።

ከጥገና የወጣን አውሮፕላን መጀመሪያ የማበረው ብቻዬን ነው። ያስተማረኝ ሰው «አውሮፕላን ይበልጥ መጠርጠር ያለበት የሰው እጅ ከገባበት በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። ያኔ ለመካኒኮች ክፉ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት የዘይቱን መጠን ለካሁ፤ 7 ኳርት ነበር (አንድ ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው)። ለሞተሩ የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጡትን ሁለቱንም ማግኔቶዎች በደቂቃ 1,700 ዙር ላይ ፈተሽኩ፤ የዙሩ መቀነስ ከተፈቀደው 125 በብዙ ያነሰ ነበር። የነዳጅ ናሙና ቀዳሁ፤ ውኃ የለበትም። ሁሉም ነገር ደኅና ነበር። ከተነሣሁ ከሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ግን የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ።

ዓይኔን ወደ ዘይት ግፊት መለኪያው ላክሁ። መርፌው ከ60 እስከ 90 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው አረንጓዴ መሥመር መሐል ተደላድሎ ቆሟል። የሙቀት መለኪያውም እንዲሁ። ይህን ጊዜ «ምናልባት ሲታጠብ የቀረ ቅባት ይሆናል» ብሎ መንገድን መቀጠል በጣም ቀላል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ሰከንዶች እኔም እንዲያ አስቤያለሁ። ነገር ግን የዘይት ግፊት መለኪያ ስለ ዘይቱ መጠን የሚናገረው ነገር የለም። ፓምፑ የሚስበው ዘይት እስካገኘ ድረስ መርፌው ንቅንቅ አይልም፤ መውረድ ሲጀምር ዘይቱ አልቋል፣ ሞተሩም የቀረው ዕድሜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አፍንጫዬን አምኜ ተመለስኩ።

ካረፍኩ በኋላ የአውሮፕላኑ ሆድ ከሞተሩ ሥር እስከ ጅራቱ ድረስ በዘይት ተለውሶ አገኘሁት። የዘይቱን መጠን እንደገና ስለካ 5 ኳርት ሆኖ አገኘሁት። የዚህ ሞዴል የበረራ መመሪያ ከ6 በታች አትነሡ እንደሚል ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። የሞተሩን ሽፋን ከፍቼ የዘይት ማጣሪያውን በእጄ ስይዘው ዞረ። ያለ ቁልፍ፣ ያለ ጉልበት፣ እንደ ውኃ ጠርሙስ ክዳን። ሴፍቲ ዋየር የሚባለው ማሰሪያ ሽቦም አልነበረበትም። የተበጠሰ እንዳልሆነ አረጋግጫለሁ፤ በቀዳዳው ውስጥ ቁራጭ አልቀረም፣ በጠርዙም ላይ የሽቦ ጭረት የለም። ከመጀመሪያው አልታሰረም።

ማጣሪያው ላይ በአምራቹ የታተመ ጽሑፍ አለ፤ ከ16 እስከ 18 ፉት ፓውንድ በሚደርስ የማጥበቂያ ኃይል አጥብቁ፣ ከዚያም በሽቦ እሰሩ ይላል። ሽቦው የተፈለገው ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ያልታሰረን ነገር ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከማጣሪያው በታች ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ እንዳለ ያውቃሉ። የሸተተኝ ሽታ እሱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይት ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ሰው ይረሳል። ስልክ ይጠራና አንድ መካኒክ ሥራውን በግማሽ ትቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ የጨረሰ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት የትም ያለ ነው፤ እኔም በበረራ ብዙ ረስቼ አውቃለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ የተሠራውን እንዲያይ የሚደረገው፣ ከጥገና በኋላም ሞተሩ ተነሥቶ ፍሳሽ እንዲፈተሽ የሚደረገው ለዚሁ ነው። ያሳዘነኝ ማታ ላይ የጥገና መዝገቡን ገልጬ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ነው።

መዝገቡ «ማጣሪያው ተለውጦ በሽቦ ታስሯል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ፍሳሽ አለመኖሩ ተረጋግጧል» ይላል።

ከዚያ ቀጥሎ «የወጣው ማጣሪያ ተቆርጦ ተከፍቷል፤ የብረት ብናኝ አልተገኘበትም» ይላል። የተቀየሩ ዕቃዎችን ሁልጊዜ እንድትመልሱልኝ እንደምጠይቅ ታውቃላችሁ። በካርቶን አሽጋችሁ መልሳችኋል፤ አመሰግናለሁ። ካርቶኑን ስከፍት የድሮው ማጣሪያ ሙሉ ነው። ምላጭ አልነካውም። ተቆርጦ ተከፈተ የተባለው ዕቃ እንደ ነበረ እጄ ላይ ተቀምጧል። ይህን እንዴት እንደሚያስረዱኝ በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሌላ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ባለ ፈቃድ ቴክኒሽያን ጠርቼ አብረን ቆረጥነው፤ የወረቀቱን እጥፋቶች ዘርግተን በማግኔትና በብርሃን ተመለከትነው። ምንም የለበትም። ማለትም የጻፋችሁት ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ! ነገር ግን ቃሉን የጻፈው ሰው ይህን አያውቅም ነበር፤ ገምቶ ነው። ግምቱ ስለ ገጠመለት ደግሞ ለሚቀጥለው አውሮፕላንም እንደዚሁ ይገምታል።

ከዚህ በኋላ ቴክኒሽያኑና እኔ ሥራ ፈትተን መዝገቡን መስመር በመስመር ከአውሮፕላኑ ጋር አስተያየነው። ክንፉ ሥር ያሉት የመፈተሻ ክዳኖች ተከፍተው የአይለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ጠርዝ) ገመዶችና መዘውሮች እንደ ታዩና እንደ ተቀቡ ተጽፏል። አውሮፕላኑ ባለፈው ዓመት ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ በክዳኖቹ ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ያለውን ስንጥቅ ሞልቶ ደርቋል። ዛሬም እንደ ደረቀ ነው። አንድም ብሎን ላይ ካቻቢቴ አላረፈም። ብሎኑን ሳይነኩ ክዳኑን የሚከፍት ጥበብ ካላችሁ ልማረው።

የመቀመጫ ሐዲዱ ደግሞ አለ። የሴስና መቀመጫ በመነሣት ላይ ሳለ ከመቆለፊያው አምልጦ ወደ ኋላ ሊንሸራተት እንደሚችል፣ አብራሪውም እንዳይወድቅ መሪውን ሲይዝ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ እንደሚቀና የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1987 አስገዳጅ መመሪያ አውጥቶ በ2011 አድሶታል፤ የሐዲዱ ቀዳዳዎች መስፋት፣ የመቆለፊያው ዘንግ ጥልቀት፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ በየጊዜው መለካት አለበት። መዝገቡ «ሐዲዱ ጸድቶ ተለክቷል» ይላል። አውሮፕላኑን ሳስረክብ አንድ የእርሳስ ስባሪ ከግራው ሐዲድ የኋላ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ ለእናንተ ሠራተኛ በቃል ነግሬ «እናወጣዋለን» ተብያለሁ። ስባሪው ከነአቧራው እዚያው ነው።

ሲሊንደሮቹን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ እዚህ ላይ እንደ ሌሎቹ እጅ ከፍንጅ የያዝኩት ነገር የለም። በ80 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ሲሞሉ አራቱ ሲሊንደሮች ይዘው የሚያቆዩት ግፊት 78፣ 76፣ 77፣ 78 ተብሎ ተመዝግቧል። የባለፈው ዓመት ንባብ ደግሞ 78፣ 76፣ 77፣ 78 ነው። ሊገጥም ይችላል ይሉኝ ይሆናል። ቴክኒሽያኑ በሞቀ ሞተር ሲለካው ሦስተኛው ሲሊንደር 71 አነበበ። 71 ችግር አይደለም፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ማንም አያወልቀውም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ77 ወደ 71 መውረዱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ቫልቩ መጠርጠር፣ በቀጣዮቹ ሰዓታት መከታተል አለበት። የጥገና ትርጉሙ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የአምናውን ቁጥር የገለበጠ ሰው ያንን ቅጠል ከእጄ ነጥቆኛል።

የጥገና ኃላፊዎ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የሰጡኝ መልስ ከዘይቱ ይበልጥ አቃጥሎኛል። «አውሮፕላኑ በሰላም አልተመለሰም እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለውም ማጣሪያውን ነፃ ልንቀይርልዎ እንችላለን አሉ። እኔ የማጣሪያ ዋጋ አልጠየቅኩም። በሰላም የተመለሰውም መዝገቡ ላይ በተጻፈው ምክንያት አይደለም፤ ነፋሱ ሽታውን ወደ ውስጥ ስላስገባልኝ ነው። የጎን መስኮቱ ከፈት ባይል ኖሮ ምናልባት ሳይሸተኝ ይቀር ነበር።

የራሴንም ድርሻ አልደብቅም። ከጥገና በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሞተሩን ሽፋን አውልቄ ማየት ነበረብኝ። በዚህ አውሮፕላን የዘይት መለኪያው ያለበት ትንሽ በር ስትከፈት ማጣሪያው አይታይም፤ ማየት የፈለገ ብሎን መፍታት አለበት። አልፈታሁም፤ የእናንተ ፊርማ አለ ብዬ። ከእንግዲህ እፈታለሁ። ይሁንና ፊርማ ያስፈለገው አብራሪ ሁሉ የክንፉን ሆድ እየከፈተ ገመድ መቁጠር ስለማይችል ነው። ሥራው ጭራሽ ሳይሠራ ቀርቶ «ጊዜ አልበቃንም፣ ይህና ይህ አልታየም» ተብሎ ቢጻፍልኝ ኖሮ አውሮፕላኑን ሀንጋር ውስጥ አቁሜ እጠብቅ ነበር። ተናድጄ ይሆናል፤ ግን መሬት ላይ ሆኜ ነው የምናደደው።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው የተሳሳተ ቃል እንዲታረም፤ አይፋቅ፣ ገጹም አይቀደድ፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ያልተሠራው ያልተሠራ መሆኑ በቀንና በፊርማ ይጻፍ። ሥራውን የያዘው ሰውና የፈረመው ሰው አንድ ይሁኑ ሁለት ይነገረኝ፤ አንድ ከሆኑ ችግሩ የሰውየው ብቻ አይደለም፣ የድርጅቱ አሠራርም ነው። ለዓመታዊ ምርመራው የከፈልኩት ገንዘብና ለሁለተኛው ቴክኒሽያን ያወጣሁት ይመለስልኝ። ከሁሉ በላይ ግን በዚያው ሰሞን በዚያው እጅ ተፈርሞባቸው የወጡ ሌሎች አውሮፕላኖች ባለቤቶች ዛሬውኑ ይጠሩ። ገንዘቡ ቢዘገይ እታገሣለሁ፤ ይህ ግን ቀን አይሰጠውም። ከእነሱ መካከል ልጆቹን አሳፍሮ ቅዳሜ የሚነሣ ሊኖር ይችላል፤ እሱም እንደ እኔ መዝገቡን አምኖ ነው የሚነሣው።

የሆነውን ለሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሳውቄአለሁ፤ ከጀርባችሁ የተደረገ እንዳይመስላችሁ የደብዳቤው ግልባጭ እንዲደርሰው አድርጌአለሁ። ሥራችሁ እንዲዘጋ አልፈልግም። ከአራቱ ዓመታት ሦስቱን በደንብ አገልግላችሁኛል ብዬ አምን ነበር፤ አሁን ግን የእነዚያን ዓመታት ገጾችም እንደገና እያነበብኩ ነው። ይህ ራሱ ደስ የሚል ሥራ አይደለም።

አውሮፕላኑ ሀንጋር ውስጥ ቆሟል። የክንፉ ክዳኖች አልተከፈቱም፣ የእርሳሱ ስባሪም አልወጣም፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው እንዲያዩት ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የተቆረጠው ማጣሪያ፣ ከመቆረጡ በፊት ከተነሣው ፎቶግራፍ ጋር፣ ቀንና ስም ተጽፎበት በፕላስቲክ ታሽጓል። ይህ ደብዳቤ በደረስዎ በ10 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ለማየት የሚመጡ ከሆነ የኪስ መብራትና ካቻቢቴ ይዘው ይምጡ፤ የመጀመሪያውን ብሎን አብረን እንፈታዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የአውሮፕላኑ ባለቤትና አብራሪ

ግልባጭ፦ ለሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት