የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የድረ ገጻችን ዋና ማውጫ አዘገጃጀት

የአይሲቲ ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን ከያዛቸው ሥራዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜና ጉልበት የወሰደው የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ ዋና ማውጫ፣ ማለትም በየገጹ አናት ላይ ተደርድሮ ጎብኚውን ወደሚፈልገው ክፍል የሚመራውን ሜኑ፣ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነበር። የኮምፒውተር ጥገናው፣ የታይፒንግ ሥልጠናውና ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር የተሠሩት ፖስተሮች እንደ ወትሮው ተከናውነዋል፤ ስለ እነርሱ በቀደሙት ዘገባዎች የተባለው ለዘንድሮም ስለሚበቃ ይህን ገጽ ለማውጫው ትቼዋለሁ።

የቀድሞው ማውጫ የተደራጀው በትምህርት ቤቱ መዋቅር ነበር። «ራዕይና ተልዕኮ» ብሎ ይጀምርና «ርዕሰ መምህር»፣ «ምክትል ርዕሳነ መምህራን»፣ «ዩኒት ሊደሮች»፣ «ሪከርድ»፣ «ወመህ» (የወላጅ መምህር ኅብረት) እያለ ይቀጥላል። ግቢው ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ አደረጃጀት ግልጽ ነው፤ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚፈልግ ወላጅ ግን ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ለማወቅ አስቀድሞ ምዝገባ የየትኛው ቢሮ ሥራ እንደሆነ ማወቅ ይጠበቅበት ነበር። መርካቶ የሚሄድ ሰው ሸማ ተራ የት ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ነጋዴውን በስሙ አይፈልግም። ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ከቢሮ ስም ወደ ጉዳይ ስም የመሻገር ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በጥቅምትና በኅዳር አባላቱ ለዚህ ሥራ ኮምፒውተር አልከፈቱም። ሥራው የተጀመረው ከዋናው በርና ከሪከርድ ቢሮው መስኮት ነው፤ ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓታቸው ተራ እየገቡ ባለጉዳይ መጥቶ የሚጠይቀውን እንደ ወረደ በደብተር መዘገቡ። ጥያቄውን በራሳቸው አማርኛ እንዳያቃኑት ደጋግሜ አሳስቤአለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ለማውጫው ስም ሲፈለግ የሚያገለግለው ባለጉዳዩ ራሱ የተጠቀመበት ቃል ነው። «ለ9ኛ ክፍል ምዝገባ ምን ምን ይዤ ልምጣ?»፣ «ፈተናው መቼ ይጀምራል?»፣ «ትራንስክሪፕት ለማውጣት ራሱ መምጣት አለበት ወይስ ውክልና ይበቃል?» የሚሉት ተደጋግመው መጡ። የመጨረሻውን የሚጠይቁት በአብዛኛው ተምረው ከወጡ የቆዩ ተማሪዎች ዘመዶች ናቸው፤ ባለቤቱ አረብ አገር ወይም አሜሪካ ሆኖ እህቱን ወይም አጎቱን ይልካል። ድረ ገጹ ከማንም ይልቅ ለእነዚህ ሰዎች እንደሚያስፈልግ ከደብተሩ በፊት ማናችንም አላሰብንም ነበር። ራዕይና ተልዕኮን ለመጠየቅ በሩን ያንኳኳ ሰው ግን አልተገኘም።

በየካቲት ወላጆች የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት የውጤት ካርድ ሊወስዱ የመጡበትን ቀን ተጠቀምን። አባላቱ በድረ ገጹ ላይ ሊኖር የሚገባውን እያንዳንዱን ነገር በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፈው በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛዎች ላይ ዘረጉና ፈቃደኛ ወላጆችን «አብረው ይሄዳሉ የሚሏቸውን አንድ ላይ ያድርጉልን» ብለው ጠየቁ። ይህ የድረ ገጽ አዘጋጆች ዘወትር የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ዋናው ቁም ነገሩ የክፍሎቹን ስም አስቀድሞ አለመስጠት ነው። ወላጆቹ ትራንስክሪፕትን፣ መልቀቂያንና የድጋፍ ደብዳቤን ያለ ምንም ማመንታት በአንድ ክምር አደረጉ። በቀድሞው ማውጫ ሦስቱ በተለያየ ቦታ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሪከርድ፣ ሦስተኛው ከምክትል ርዕሰ መምህር ቢሮ ስለሚወጣ ብቻ።

አንዲት እናት ግን «መልቀቂያ» የሚለውን ካርቶን ይዘው ቆይተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከምዝገባ ጋርም ይሄዳል። ሰው መልቀቂያ የሚያወጣው ሌላ ቦታ ሊመዘገብ አይደል? እኔ ልጄን ከሌላ ትምህርት ቤት ሳመጣ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እሱን ነው» አሏት ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ተማሪዋ «እርስዎ የመሰለዎት ቦታ ያስቀምጡት» ከማለት በቀር ምንም አለማለቷ ተገቢ ነበር። በክበቡ ስብሰባ ላይ በዚህ ጉዳይ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንዱን ነገር በማውጫው ሁለት ቦታ መደጋገም ጎብኚውን «እነዚህ የተለያዩ ይሆኑ?» እያሰኘ ያጠራጥራል፤ ስለዚህ መልቀቂያ በማውጫው ላይ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥና በምዝገባ ገጽ ውስጥ፣ መሟላት ያለባቸው ሰነዶች በተዘረዘሩበት ቦታ፣ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ እንዲገባ ተወሰነ።

ማውጫው ምን ያህል ነገር ይያዝ የሚለውም አከራክሯል። አንድ የ11ኛ ክፍል አባል ከሰባት ማለፍ እንደሌለበት ኢንተርኔት ላይ አንብቦ መጣ። ቁጥሩ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ አጭር ጊዜ ትውስታ ካሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚመለከተው ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለውን ሲሆን ማውጫ ደግሞ ዓይን ፊት ያለ ነገር ስለሆነ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። በእኔ አስተያየት ቁጥሩን መወሰን ያለበት ስሞቹ አንዱ ከሌላው በግልጽ መለየታቸው ነው። በመጨረሻ ስድስት ሆኑ፦ ምዝገባ፣ ፈተናና ውጤት፣ ማስረጃዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ክበባት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ። ርዕሰ መምህሩም ወመህም በመጨረሻው ሥር ገቡ። ሁሉም ክፍል ስሙን ከላይ ማየት ስለሚወድ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ የጥያቄዎቹ ደብተር ባይኖር ኖሮ የምንሟገትበት ነገር አናገኝም ነበር።

በስሞቹ አጻጻፍ ላይ አባላቱ ያስተዋሉትን አንድ ነገር ሌሎች አማርኛ ድረ ገጽ የሚሠሩም ቢያዩት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ረቂቅ «የተማሪዎች ምዝገባ»፣ «የፈተና ፕሮግራም»፣ «የትምህርት ማስረጃዎች»፣ «የክበባት እንቅስቃሴ» የሚል ነበር። በስልክ ላይ ወደ ታች ሲደረደር ሁሉም መስመር በ«የ» ይጀምራል፤ ዓይን የዝርዝርን ጠርዝ ይዞ ሲወርድ ደግሞ የሚያርፈው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ስለሆነ መለያ የሚሆነው ቃል ወደ ውስጥ ይገፋል። «የ»ን አንስተን ዋናውን ቃል ስናስቀድም ዝርዝሩ አጠረ፣ መስመሮቹም ተለያዩ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጎብኚው ያለበትን ክፍል በማድመቅና ከሥሩ በማስመር ለይተናል።

አብዛኛው ጎብኚያችን የሚገባው በስልክ ስለሆነ ማውጫው መጀመሪያ ለስልክ፣ ከዚያ ለኮምፒውተር ተሠራ። የቀድሞው ማውጫ ንዑስ ክፍሎቹን የሚገልጠው የማውዝ ቀስት ሲያርፍበት ብቻ ነበር፤ ጣት ደግሞ ይነካል እንጂ አያርፍም። አዲሱ በመንካት ይከፈታል፣ የእያንዳንዱ መስመር ቁመትም አንድሮይድ ለሚነኩ ነገሮች የሚመክረውን 48 ነጥብ ያህል ነው። በስልክ ላይ ማውጫውን የሚከፍተውን የሦስት አግዳሚ መስመሮች ምልክት (☰) በተመለከተ ግን ከፋሽኑ ወጣ ብለናል። ምልክቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ለወጣው የዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር ኖርም ኮክስ የነደፈው ሲሆን ለወጣቶች የተለመደ ነው፤ የግቢው ጥበቃ አባት ግን ስልኩን ሲሰጧቸው «ይሄማ ጌጥ መስሎኝ» ብለው አለፉት። ከምልክቱ ጎን «ማውጫ» የሚል ቃል ተጨመረ።

ማየት የተሳነው አባላችን ሥራውን በስልኩ ድምፅ አንባቢ ሲፈትሽ ሌላ ጉድለት ታየ። የቀድሞው ማውጫ ስሞች በምስል የተሠሩ ስለነበሩ አንባቢው የሚያሰማው የምስሉን ፋይል መጠሪያ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ እያለ አማርኛን በምስል መጻፍ ምክንያት የለውም። አሁን ሁሉም በጽሑፍና በዝርዝር መልክ ስለተቀመጠ አንባቢው ስንት አማራጭ እንዳለ አስቀድሞ ይናገራል፤ ማውጫውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ገጹ ይዘት የሚያልፍ ሊንክም ከላይ ገብቷል።

በግንቦት በተደረገው ሙከራ አባላቱ መጀመሪያ ላይ «ማስረጃዎች ውስጥ ገብተው መልቀቂያ ያግኙ» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይሰጣል። «ልጅዎ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሊዛወር ነው እንበል፣ ከዚህ ምን ያደርጋሉ?» ወደሚል ተቀየረ። በዚህም «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ለተማሪዎች በቂ እንዳልሆነ ታወቀ፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና ወርክሺቶች እዚያ ቢቀመጡም ተማሪዎቹ የሚፈልጓቸው «ፈተናና ውጤት» ውስጥ ነው። ፈተናዎቹ ወደዚያ ተዛወሩ፣ ወርክሺቶቹ ባሉበት ቀሩ።

ለ2018 ዓ.ም. የቀረው የፍለጋ ሳጥኑ ነው። በአሁኑ ሁኔታ «ሠርተፊኬት» ብሎ የጻፈ ሰው «ሰርተፊኬት» ተብሎ የተቀመጠውን አያገኝም፤ ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሠንና ሰን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ መሠራት አለበት። የ12ኛ ክፍል አባላት ከመውጣታቸው በፊት የጥያቄዎቹን ደብተርና የሙከራውን ማስታወሻ ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል። በዚህ ሥራ መሳተፍ የሚፈልጉ አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም በአይሲቲ ላብራቶሪ ይመዘገባሉ፤ ፕሮግራሚንግ ማወቅ አይጠየቅም።