ሯጩ ደብተሩን የት ጣለው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ለ31 ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጋዜጣችሁን ሁሌም ከስፖርት ገጹ ነው የምጀምረው። ሰሞኑን ስለ ወጣት ሯጮች ስደት ያወጣችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ስለ ዜግነት መቀየር ተጽፏል። ስለ ገንዘብም ተጽፏል። ስለ ትምህርት ግን አንድም ቃል የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ እሱ ነው።

ባለፈው ወር ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አድርጎኝ «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። በድምፁ ለየሁት። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ጎበዝ የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበር። ማለዳ ታቦር ተራራን ሲወጣ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ሚኒስትሪ አልፎ ዘጠነኛ ክፍል እንደጀመረ አንድ ክለብ ወሰደው። ልምምዱ ጠዋትም ከሰዓትም ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት አልነበረውም፤ አቋረጠ። ሦስት ዓመት ሮጠ። ከዚያ የተረከዙ ጅማት ተጎዳ፤ ክለቡም ውሉን ሳያድስለት ቀረ። ዛሬ 24 ዓመቱ ነው።

ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። እኔም አልወርድም አልኩት። ሐይቁ ዳር አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆመና ወግ ጀመርን። ስለ ጉዳቱ ሲያወራ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። «መጀመሪያ የሚያመኝ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ነበር። ሰውነቴ ሲሞቅ ሕመሙ ይጠፋል። እሱ ነው የሸወደኝ» አለኝ። ይህን ሐኪምም የሚያውቀው የተረከዝ ጅማት ጉዳት ጠባይ ነው። ልጁ ግን ከማንም አልተማረውም፤ ከራሱ እግር ነው ያነበበው። ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ረጅም ዱብዱብ ስሠራ ስከርም ፍጥነቴ ይጨምር ነበር። ቀስ ብዬ ነው እኮ የምሮጠው። ታዲያ ፍጥነቱ ከየት መጣ?»

ይህን ጥያቄ ከእርሱ በፊት አንድ ሌላ ሯጭ ጠይቆታል። የኒውዚላንዱ ፒተር ስኔል ነው።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ኦሊምፒክ፣ የ21 ዓመቱ ስኔል 800 ሜትርን አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ እንደገና ተገናኙ። ስኔል 800 ሜትሩን ደገመው፤ 1,500 ሜትሩንም ጨመረበት። 1,500 ሜትሩን ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አበበም ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘው በዚያችው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። የእነርሱ አበበና የሩቅ አገሩ ሰው በአንድ ቀን!

የስኔል አሰልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ይባላል። ሁለት ዙር ብቻ የሚሮጠውን ልጅ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጠው ነበር። ኮረብታ ለኮረብታ ነው። ብዙ ሰው እብደት ነው አለ። ውጤቱ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ልምምዱ ለምን እንደሠራለት ግን ስኔል ራሱ አያውቅም ነበር።

በአንድ የትምባሆ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ30ዎቹ ዕድሜው ግን ሥራውንም አገሩንም ትቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሄደው ሊሮጥ አልነበረም፤ ሊማር ነው። አስቡት። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተማረ። ዶክትሬቱን በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዳላስ ወዳለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ገባ። እዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የሰውን አካል ብቃት የሚያጠና ማዕከልም መራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈውም እዚያው ዳላስ ነው።

የባጃጁን ልጅ ጥያቄ ስኔል እንዲህ ብሎ ነበር የሚያስረዳው። ጡንቻችን ውስጥ ቀርፋፋና ፈጣን ክሮች አሉ። ቀርፋፋዎቹ ቶሎ አይደክሙም። ፈጣኖቹ ኃይል አላቸው፤ ግን ቶሎ ይዝላሉ። ዱብዱብ ስንል ሥራውን የሚይዙት ቀርፋፋዎቹ ናቸው። ሰዓቱ ሲረዝም ግን ስንቃቸው፣ ጡንቻ ውስጥ ያከማቹት ስኳር፣ ይሟጠጣል። ያኔ ፈጣኖቹ ለእርዳታ ይጠራሉ። እነርሱም በዚያው ጽናት ይለምዳሉ። የውድድሩ መጨረሻ ላይ ሌላው ሲዝል ያ ሯጭ የሚፈተለከው ለዚህ ነው። ልጁ ይህን ስነግረው ባጃጁን አስነስቶ መሄድ ረሳ። ሁለት ሰው መጥቶ «ሰው ጫን» ሲለው እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ስኔል የበለጸገ አገር ሰው ነው የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ጎረቤታችንን እንይ። ኬንያዊው ማይክ ቦይት እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በ800 ሜትር ነሐስ አገኘ። በ1976 የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ሲቀሩ እርሱም ዕድሉ አመለጠው፤ የእኛም ምሩጽ ይፍጠር በዚያው ምክንያት ነው የቀረው። ቦይት ግን አሜሪካ እየሮጠ ተማረ። ዶክትሬቱን ይዞ አገሩ ተመለሰና በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነ።

ምሩጽን ሳነሳ ሆዴ ይባባል። ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ ማርሽ ሲቀይር፣ መጨረሻው ላይ ድንገት ሲፈተለክ፣ ያላየ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። መቼ እንደሚቀይር፣ በዚያች ቅጽበት እግሩና ልቡ ምን እንደሚሉት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶሮንቶ በስደት አረፈ። ቀርቦ የሚጠይቀው፣ የሚለካ፣ የሚጽፍ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ጠጋ ያደርግ ነበር። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሲመላለስ ደብተሩን የያዘበት ክንድ ነው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ክንዱን እናደንቃለን። ዛሬ ወደ ክለብ የምንልካቸው ልጆች ደብተራቸውን የት እንደጣሉት ግን አንጠይቅም።

አሰልጣኞች «ሩጫና ትምህርት አብሮ አይሄድም» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ሯጭ ቀትር ላይ የሚተኛው ሰንፎ አይደለም፤ እንቅልፉ የልምምዱ አካል ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀን ይማሩ አልልም። ግን ፈረቃ አለ፤ የማታ ትምህርት አለ። ክለቦች ልጅ ሲያስፈርሙ ደመወዙን እንደሚጽፉት ሁሉ የትምህርት ሰዓቱንም ውሉ ላይ ይጻፉት። አሰልጣኙም ፈተና ባለበት ሳምንት ልምምዱን ያቅልል። ይህ በጀት አይጠይቅም።

ወላጆችንም አልወቅስም። አንድ ውድድር አሸንፎ ለእናቱ ቤት የሠራ ልጅ እያዩ «ተማር» ማለት ከባድ ነው። ግን ሁሉም አያሸንፍም። ደግሞ አንድ ነገር ይወቁልኝ። የአሜሪካ ኮሌጆች ለጎበዝ ሯጭ የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ወጪ የሚሸፍኑበት መንገድ አለ። በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ለመሰለፍ ግን ሁለተኛ ደረጃን መጨረስና በ16 ዋና ዋና ኮርሶች በቂ ውጤት ማምጣት ይጠይቃሉ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ሰዓቱ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያ በር አይገባም። የሚቀረው ሯጭን ውጭ አገር የሚያወዳድረው የማናጀር በር ነው። የዚያን በር ነገር እናንተው ጽፋችሁታል።

ሌላው ልመናዬ ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት አላችሁ። በዚህ ከተማ ደግሞ ሮጠው ያቆሙ ልጆች ሞልተዋል። አንዳንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዱ ጥበቃ ነው፣ አንዳንዱ ጂም ውስጥ ሰው ያሠራል። ጥሯቸው። ለጥናታችሁም ይጠቅሟችኋል፤ ምክንያቱም እናንተ በመሣሪያ የምትለኩትን እነርሱ በእግራቸው ያውቁታል። ማትሪክ ያለፉትን በማታም ቢሆን አስተምሯቸው። ላላለፉት የመሰናዶ ክፍል ክፈቱላቸው። እኔ በነጻ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ልጁ ከትናንት ወዲያ ደወለልኝ። ዘጠነኛ ክፍል በማታ ሊመዘገብ ነው። ችግሩ የሚኒስትሪ ካርዱ ጠፍቶበታል። ነገ ጠዋት የድሮው ትምህርት ቤታችን ሪከርድ ክፍል አብረን እንሄዳለን። ሁለት ሰዓት ላይ በራፌ ላይ ባጃጁን ይዞ ይጠብቀኛል።

ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር
ሐዋሳ