ደብዳቤ ለልጄ፦ መጠይቁንና የሆርሞን ምርመራውን አብረሽ አንብቢ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የፒቱታሪ ዕጢ የወጣባቸውን ታካሚዎች ስሜት በሚከታተል ጥናት ውስጥ ልትሠሪ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ይህን ሥራ ስትጀምሪ ልብ እንድትዪ የምፈልገውን ልጻፍልሽ።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለች፣ ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ሆርሞን የምታመነጭ የሰውነት ክፍል ናት። እሷ ላይ የሚወጣው ዕጢ ወደ ሌላ አካል የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ታካሚውን «ካንሰር እኮ አይደለም፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉታል። ይህ አባባል ሰው ይጎዳል። ኮርቲሶልን (ሰውነት ጭንቀትንና ሕመምን የሚቋቋምበትን ሆርሞን)፣ የታይሮይድንና የወሲብ ሆርሞኖችን የምታዝዘው ፒቱታሪ በመሆኗ፣ ስሜቱ የሚናወጠው በፍርሃት ብቻ አይደለም።

ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉትን የድብርት መለኪያ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9ን፣ ለምሳሌ ውሰጂ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 ከደረሰ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ይባላል። ነገር ግን እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎትና ትኩረት ብቻቸውን 12 ሊሞሉ ይችላሉ፤ አራቱም የሆርሞን እጥረት ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ድምሩን ብቻ አትመዝግቢ። ደስታ ማጣትንና መከፋትን የሚጠይቁትን 1ኛና 2ኛ ጥያቄዎች ለይተሽ እዪ። ሞትን ስለመመኘት የሚጠይቀው 9ኛው ከ0 በላይ ከሆነ መዝገብ ውስጥ የሚቀመጥ መረጃ አይደለም፦ በዚያው ሰዓት አነጋግሪው፣ ሐኪም ጥሪ፣ ብቻውን አትተዪው።

በመጠይቁ ቀን ደም ይወሰድ። ታይሮይድን በቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን በምታዝዝበት ሆርሞን) ብቻ መገመት እነዚህ ታካሚዎች ላይ ያሳስታል፤ ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ፍሪ ቲ4 መታየት አለበት። ኮርቲሶሉ ሳይታይ የታይሮይድ ክኒን ከተጀመረ ደግሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ከሁሉም አብዝቼ የማስብላቸው የኩሺንግ ሕመምተኞች፣ ማለትም በፒቱታሪ ዕጢ ምክንያት ኮርቲሶል የበዛባቸው፣ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ሲሳካ ኮርቲሶላቸው በአንዴ ይወርዳል። ሰውነታቸው ብዙውን ለምዶ ስለነበር መገጣጠሚያ ያማቸዋል፣ አቅም ያጣሉ፣ ይከፋቸዋል፤ ይህም ለወራት ይዘልቃል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሕክምናው የከሸፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይነገረው፣ ቤተሰቡም ይስማ። የኮርቲሶል ምትክ የሚሆነው መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሆኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል፤ ትልቁ ድርሻ ከእንቅልፍ እንደተነሡ ይዋጣል። ትኩሳት ሲኖር በሐኪሙ መመሪያ መጠኑ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ክኒኑን የሚያስመልሰው ከሆነ 100 ሚሊግራም በመርፌ ያስፈልገዋል፣ ወዲያውም ሆስፒታል ይሂድ። መጠይቁ ላይ የመጨረሻውን ክኒን የዋጠበትን ሰዓት ጻፊ፤ የክኒኑ ኃይል ሊያልቅ ሲል የተሞላ መልስ ከጠዋቱ ይለያል።

ፕሮላክቲን (የጡት ወተት የሚያመጣ ሆርሞን) ለሚያመነጭ ዕጢ ካበርጎሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱትን ስለ ቁማር፣ ስለ ግዢና ስለ ወሲብ ፍላጎት በግልጽ ጠይቂ። መድኃኒቱ በአንዳንዶች ላይ ራስን የመግታት አቅም ያዳክማል፤ እነሱ ግን የጠባይ ጉድለት መስሏቸው በኀፍረት ይደብቁታል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሊያቋርጠው ይችላል እንጂ ራሳቸው በድንገት አይተዉት።

ሆርሞኑ ተስተካከለ ማለት ግን ሐዘኑ አበቃ ማለት አይደለም። የኩሺንግም የአክሮሜጋሊም (የእድገት ሆርሞን በዝቶ እጅን፣ እግርንና ፊትን የሚያገዝፍ ሕመም) ታካሚዎች ከዳኑ በኋላ እንኳ የኑሮ ጥራታቸው ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ የምክር አገልግሎቱ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ስላማረ አይቋረጥ። አንዱንና ያንኑ መጠይቅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ከዚያም በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር አስሞዪ። በቀጠሮው ያልመጣውን ደውለሽ ፈልጊው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በጣም የተከፋው ሰው ነው።

አባትሽ