ፕሮጀክቱን የሠራው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ደርሰዋል። ከዚያ ሁሉም የሚወቅሰውን ይመርጣል። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ቲክቶክን፣ አንዱ ኩረጃን። እኔ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሰጠቱንም እደግፋለሁ። ግን ማንም ሲያነሳው የማላየው ጥያቄ አለ። ብሔራዊ ፈተና ላይ 30 ያመጣ ልጅ፣ ካርዱ ላይ 80 እና 85 ሲሞላለት የኖረው በምን ሥራ ነው?

መልሱ ማርክ ሊስታችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኛ ጋ ቴስት አለ፣ አሳይመንት አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ደብተር አለ፣ ፕሮጀክት አለ። እነዚህ ተደምረው 40 ይሆናሉ፣ ፋይናሉ 60። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንከን አይወጣለትም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ተከታታይ ምዘና ይደረግ ያለው ልጁ የሚማረውን ነገር መሥራት መቻሉ እንዲታይ ነበር። ታዲያ ያ ፕሮጀክት የሚባለው የት ይሠራል መሰላችሁ? ከግቢያችን በር ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት።

ልጁ ገብቶ “የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፕሮጀክት አለ?” ይላል። አለ። ርዕሱ በትልልቅ ፊደል፣ ዙሪያው አበባ የተሳለበት፣ ሽፋኑ ላይ ስም መሙያ ክፍት ቦታ ያለው። አባት ወይም እናት ብር ይከፍላሉ፣ ልጁ ስሙን ይጽፋል፣ መምህሩ ከ10 ዘጠኝ ይሰጣል። አንድ ጊዜ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ሳይጠፋ የቀረበት ደርሶኛል። ደብተሩም ያው ነው። ከጓደኛ ተገልብጦ ይቀርባል፣ ፊርማ ያገኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ 40ው ይሞላል። ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንዳልገባው ግን ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ማንም አያገኘውም።

ስለዚህ ፕሮጀክት ወደ ቤት መላክ ትቻለሁ። ተጨባጭ ሥራ ሰጥቼ የምመዝነው ግቢ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ በክፍለ ጊዜው ነው። አንዱን ላጫውታችሁ።

ግቢያችን ውስጥ ውኃ የምናጠራቅምበት ሮቶ አለ። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ያለ እሱ አንኖርም። ስንት ሊትር እንደሚይዝ የሚናገረው ጽሑፍ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል። የሲሊንደር ይዘት ካስተማርኩ በኋላ ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። ቧንቧው ቢቋረጥ ይህ ሮቶ ለትምህርት ቤታችን ስንት ቀን ይበቃል? ሬዲየሱ ይሄ ነው፣ ቁመቱ ይሄ ነው የሚል ነገር የለም። ገመድና ሜትር ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ሬዲየስን መሐሉ ገብቶ መለካት እንደማይቻል ሲያዩ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ገመዱን ዙሪያውን አዞረው። 5 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሆነ፣ ለ3.14 ሲካፈል ዳያሜትሩ 1 ሜትር ከ80 ይመጣል። ቁመቱ 2 ሜትር። በቀን ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ለማወቅ አንድ ቡድን በእረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ጽዳቶች የሚቀዱትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቆጥር ነበር። ይሄን እኔ አላዘዝኳቸውም።

ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቶሎ ጨረሰ። የሮቶው ይዘት ከ20 ሺ ሊትር በላይ ወጣለት። ቀመሩ ትክክል፣ ማባዛቱ ትክክል፣ ጽሑፉ ንጹሕ። ወረቀቱን ሲያነብ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ቴስት ላይ ከግማሽ ብዙም የማታልፍ ልጅ ጣልቃ ገባች። “ቲቸር፣ 20 ሺማ ሊሆን አይችልም። ቦቴው ራሱ 10 ሺ ነው የሚይዘው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ሞልቶልን ግማሹን ይዞ ነው የሄደው።” ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ አገኘው። ሬዲየሱ 90 ሳንቲ ነው። እሱ ካሬ ያደረገው 1 ሜትር ከ80ውን፣ ዳያሜትሩን ነው። አስተካክሎ ሲሠራው 5 ሺ ሊትር ግድም መጣ።

ይህ ስህተት ምርጫ ፈተና ላይ ቢሠራ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፈተና የሚያወጣ ሰው ይህን ስህተት ስለሚያውቀው 20 ሺን ከምርጫዎቹ አንዱ ያደርጋታል። ልጁ እሷን ያጠቁራል። ኤክስ ይሆናል። ቀመሩን ይሳት፣ ሬዲየሱን ይሳት፣ ወይ ዝም ብሎ ይገምት፣ እኔ አላውቅም። እሱም አያውቅም። ልጅቷም ቢሆን አዋቂነቷ ሳይታይ “ደካማ” ተብላ ታልፋለች። ይዘት ማለት ምን እንደሆነ ግን ከብዙዎቹ በላይ የገባት እሷ ናት። የጎደላት ክፍልፋይ ማባዛት ነው፣ እሱን ደግሞ ለይቼ ማስተማር እችላለሁ።

ማርክ የምሰጠው ለመጀመሪያው ወረቀት አይደለም። የምመዝንበትን ነገር ሥራው ሳይጀመር ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን፦ አለካኩ፣ አሃዱ፣ ስሌቱ፣ መልሱ ከእውነታ ጋር መገናዘቡ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት መቻሉ። ወረቀቱ ላይ ማርክ ሳልሞላ “አሃዱን እየው” ወይም “ይሄ ቁጥር ያስኬዳል?” ብዬ ጽፌ እመልሳለሁ። አሻሽሎ ያመጣውን ነው የማርመው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይሄ ማርክ ማደል ነው ይላሉ። የሚታደለውስ የፎቶ ኮፒው ዘጠኝ ከ10 ነው እላለሁ እኔ።

ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለኝም አለ። የቅኔ ቤት ተማሪ እንዴት እንደሚመዘን ለምን አይጠይቅም? ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ባላት ጉባኤ ቃና በምትባል ቅኔ ይጀምራል። ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የተበላሸው እዚያው ይቃናለታል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ የሚሄደው እንዲህ ነው። የሰው ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ባለቅኔ የተባለ የለም። ዛሬም ቢሆን ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ ሲኦሲ በሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሲመዘን ከጽሑፉ ሌላ የተግባር ምዘና አለበት።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ግማሹን ይዤ ስወጣ ግማሹ ክፍል ውስጥ መልመጃ ይሠራል፣ ጫጫታውን ዳይሬክተሩም ይሰማዋል። የቡድን ሥራ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስም ይጽፋሉ። ለዚህ ያገኘሁት መላ ልኬቱን በቡድን ማሠራት፣ ስሌቱን ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ዕጣ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ያወጣል፣ እሱ ቆሞ ያስረዳል። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ጎበዙ ሌሎቹን ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። እያንዳንዱን ምዕራፍ በዚህ መንገድ ማስተማር አይቻልም፣ አልሞክረውምም። በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ከተሠራ ይበቃል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ምርጫ ስለሆነ ምርጫም እናለማምዳለን።

የሚከብደኝ ከላይ የሚመጣው ክትትል ነው። ለክትትል የመጡ አንድ ኃላፊ ማርክ ሊስቴን ተቀበሉኝ፣ ክፍት ሣጥን እንዳለ አዩ፣ “ይሄ ለምን አልተሞላም?” አሉ። የሮቶውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ከምሬላቸው ነበር። አንዱንም አልገለጡም። መምህሩ የሚጠየቀው ሣጥን በመሙላት ብቻ ከሆነ የሚሞላበትን አቋራጭ ያገኛል፣ አቋራጩ ደግሞ በር ማዶ አለ። ለክትትል የሚመጣ ሰው ከየክፍሉ ሦስት ተማሪ ጠርቶ፣ ወረቀታቸውን አስይዞ “እስቲ ይሄን እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ” ቢል ከሙሉ ሮስተር የበለጠ ያውቃል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆችም “ፕሮጀክት ታዟል፣ ብር ስጡኝ” ሲባሉ ከመክፈላቸው በፊት መጥተው ይጠይቁን። ልጁ ራሱ ሊሠራው የማይችል ነገር ከታዘዘ የሚወቀሰው ያዘዘው መምህር ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ያሰብኩት የመብራት ቢል ነው። ታሪፉ በፍጆታ መጠን ከፍ እያለ ስለሚሄድ ለ8ኛ ክፍል ግሩም ጥያቄ ይወጣዋል። የሰፈራችን ወላጆች አሮጌ ቢል ካላችሁ ስማችሁን ቆርጣችሁ በልጆቻችሁ በኩል ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት
አዲስ አበባ