ዋጋ ሳንጠይቅ የገዛነው መቼ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ለምን አልቀመስ እንዳለ ለማስረዳት ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ የተጻፈው በአብዛኛው ትክክል ስለሆነ በእሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ብዕር ያስነሳኝ መሐል ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዋጋ ሳይጠይቁ መግዛታቸው ገበያውን አንሮታል» ትላለች። ይህን ያለው ማን እንደሆነ አልተገለጸም። የሪል ስቴት ሻጭ ይሁን፣ ደላላ ይሁን፣ ወይስ ዘጋቢዎ በራሳቸው የደረሱበት ድምዳሜ ይሁን አንባቢ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከጎኑ የወጣው ፎቶግራፍ ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ትልልቅ ሻንጣዎች እየገፋ ከቦሌ አየር ማረፊያ የሚወጣ ሰው ያሳያል።

እኔም በውጭ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። ደመወዜ የቤት ኪራይና የእናቴን መድኃኒት መሸፈን ሲያቅተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መጣሁ፤ ዛሬ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እንደ እኔ ያሉ ሴቶች በጅዳ፣ በኩዌት፣ በዱባይና በቤይሩት ሞልተዋል፤ በዘገባችሁ ውስጥ ግን አንዳችንም የለንም። ስንወቀስ ብቻ «በውጭ የሚኖሩ» ተብለን ከባለ ሙሉ ልብሱ ሰው ጋር በአንድ ላይ ተደምረናል።

ዋጋ ሳይጠይቁ ነው የተባለው? እኛ የምንጠይቀው የካሬውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የደላላው ኮሚሽን፣ የስም ማዛወሪያው፣ የውክልናው ወጪ፣ የፊኒሺንጉ ሒሳብ ተደምሮ ስንት ወር የሰው ወለል መወልወል እንደሚጠይቅ ሳናሰላ አንዲት ሪያል አንልክም። እቁባችን ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፈተው የስልካችን ካልኩሌተር ነው። ይህን ለማወቅ ዘጋቢዎ ሪያድ ድረስ መምጣት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንዷን በስልክ ጠርተው መጠየቅ ይበቃቸው ነበር። ሻጩን ለማነጋገር ጊዜ የነበራቸው ሰው ገዢዋን ለማነጋገር ጊዜ ማጣታቸው ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በቤት ፍላጎት ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም ብዬ አልከራከርም፤ አለው። ነገር ግን ገዢ በመብዛቱ ብቻ ዋጋ እንዲህ አይሰቀልም፤ የሚሰቀለው ገዢ ሲበዛ የሚሸጠው ቤት ባለበት ከቆመ ነው። በአገራችን የከተማ መሬት ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ሲሆን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጽንቶታል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነበር። በአዲስ አበባ ጨረታው ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነበር። መሬት የሚያቀርበው አንድ አካል ብቻ ሆኖ እሱም በሩን በዘጋባቸው ዓመታት ዋጋ ከናረ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለማን ነው? በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡትና ለባለ ሁለት መኝታ በየወሩ 561 ብር እየቆጠቡ ዕጣ ሲጠብቁ የከረሙት የአዲስ አበባ ነዋሪዎችስ ዋጋ ሳይጠይቁ ነው የሚገዙት? እነሱ ቤታቸውን በወቅቱ ቢያገኙ ኖሮ ዛሬ ኪራይና ሽያጭ ገበያው ውስጥ ከእኛ ጋር ባልተጋፉ ነበር። ዘገባው ስለ እነሱም አንድ መስመር አልጻፈም።

ሰው ቤት የሚሻማበትን ምክንያት በተመለከተ የተጻፈው ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ ነው የቀረበው። ዘጋቢዎ የገዢውን ጥድፊያ የዋጋው ንረት መነሻ አድርገው ወስደውታል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያን ዓመት 100 ሺህ ብር ባንክ ያስቀመጠች ሴት በዓመቱ መጨረሻ 107 ሺህ ብር ታገኛለች፤ ዓመቱ ሲጀምር በ100 ሺህ ብር የምትገዛው ዕቃ ግን 130 ሺህ ብር ሆኖ ይጠብቃታል። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይሠሩት ነበር። አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብሯ ሲቀልጥ የምታይ ሰው ቤት ወይም መኪና ከመግዛት ሌላ ምን ነበራት? የጥድፊያው ምክንያት ይህ ነው። ጥድፊያው ዋጋውን እንደሚያባብሰው አውቃለሁ፤ ግን ገዢ የሚሮጠው ከኋላው የሚያባርረው ስላለ ነው።

እኛን ደግሞ የሚያባርረን ሌላም አለ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ወገናችን ዜግነት ያገኛል፣ በባንክ ብድር እዚያው ቤት ይገዛል፣ ጡረታ ይወጣል። እኛ የሠራተኛን ቆይታ ከአሠሪው ጋር በሚያያይዘው በከፋላ ሥርዓት የታሰርን ነን፤ ኢቃማችን (የመኖሪያ ፈቃዳችን) ካልታደሰ በማግስቱ ሕገ ወጥ ነን። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም። ያንን ያየች ሴት ቤት የምትገዛው ለማትረፍ አይደለም። በተባረረች ቀን የምትገባበት ጣሪያ እንዲኖራት ነው።

ለምን አዲስ አበባ የሚል ሰው ካለ ለእሱም መልስ አለኝ። ሐሳቤ ኮምቦልቻ፣ እናቴ ሰፈር መሥራት ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እናቴ በእግርና በጭነት መኪና ወጥታ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ የማውቃቸው የወሎ ልጆች ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ገንዘባቸውን ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። ጦርነት ከደረሰባቸው ሌሎች አካባቢዎች በመጡትም ዘንድ እንደዚሁ ሆኗል። ሰላም የጠፋበት ቦታ ሁሉ በአዲስ አበባ የቤት ዋጋ ላይ የራሱን ይጨምራል። በሙሉ ገጽ ዘገባ ውስጥ «ጦርነት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱ በእውነቱ አስደንቆኛል።

የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ደግሞ ዘገባው ነካ አድርጎ አልፎታል፤ እኔ ግን ማለፍ አልችልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሲመነዘር በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ነበር። ሪያል ከዶላር ጋር በ3 ነጥብ 75 የታሰረ ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ሪያል ደመወዝ በባንክ የላከች ሴት 15 ሺህ ብር ገደማ ትቀበላለች፤ በጥቁር ገበያ የላከች ግን ከ26 ሺህ ብር በላይ ታገኛለች። ሻጩ ሴራሚኩን፣ ሊፍቱንና የኤሌክትሪክ ገመዱን በየትኛው ዋጋ ነበር የሚያሰላው? በጥቁር ገበያው። «ገንዘባችሁን በሕጋዊ መንገድ ላኩ» ሲባል አምነን በባንክ የላክን ሴቶች በባንክ ዋጋ ተቀብለን በጥቁር ገበያ ዋጋ ገዛን። በዚያ ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ደግሞ ቤቱ በባንኩም ዋጋ እንደገና ተሰላ።

የራሴን ልንገርዎ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤት ገንቢ ድርጅት ያዘጋጀውን ውል ወንድሜ በውክልና ፈረመልኝ፤ ቅድመ ክፍያውም ከፍ ያለ ነበር። ከመፈረሙ በፊት የሽያጭ ሠራተኛዋ በዋትስአፕ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ነው» እያለች በየቀኑ ትጽፍልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄዬን ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባታል። የርክክቡ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ግድግዳ የሌለው ወለል፣ ከኮለኑ ጫፍ የወጣ የዛገ ፌሮ፣ ነፋስ የሚያንገላታው ሰማያዊ ሸራ ይታያል፤ «መኝታ ቤትሽ እዚህ ጋ ነው» የሚል ድምፅም አለበት። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ነበር፦ የምንዛሪ ለውጥ በመከሰቱ በውሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ መሠረት ተጨማሪ እንድከፍል፣ ካልከፈልኩ ግን ውሉ ፈርሶ ተቀናሽ ተደርጎ ገንዘቤ እንደሚመለስልኝ ይገልጻል። የሚመለሰው ብር በከፈልኩበት ጊዜ ከነበረው ምን ያህሉን ሊገዛ እንደሚችል ግን ደብዳቤው አልጻፈም። ክፍያ በዘገየሁበት ወር ቅጣት ከፍያለሁ፤ እነሱ ስለዘገዩበት ጊዜ የከፈሉኝ የለም።

እንግዲህ ዋጋ ሳትጠይቅ የምትገዛ ተብላ ስሟ የተነሳው ይህች ሴት ናት።

ብድር ወስዳችሁ ግዙ የሚለን ካለም፣ ለቤት ብድር ተብሎ የነበረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋህዶ ስሙም ጠፍቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር። የረጅም ጊዜ የቤት ብድር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ገንቢው ግንባታውን የሚያካሂደው በገዢዋ ቅድመ ክፍያ ነው። ስለዚህ አበዳሪዎቹ እኛ ነን፤ ያውም ያለ ወለድና ያለ መያዣ።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር የማን አስተያየት እንደሆነች በቀጣዩ እትም በዚያው ገጽ ላይ ይገለጽ፤ ማስረጃ ከሌላት ትታረም። ዘጋቢዎ ወደ ጉዳዩ ሲመለሱ ሻጮቹን ሦስት ነገር እንዲጠይቁልን እለምናለሁ፦ የዋጋ ማስተካከያው አንቀጽ ምንዛሪው ሲረጋጋ ወደ ታችም ይሠራ እንደሆነ፣ የዘገየ ርክክብ ቅጣት ከፍለው የሚያውቁ እንደሆነ፣ የሰበሰቡት ቅድመ ክፍያ በተዋዋሉበት ሕንፃ ላይ ብቻ ይውል እንደሆነ። ውሉን፣ ደብዳቤውንና የከፈልኩባቸውን ደረሰኞች ቅጂ ለዝግጅት ክፍላችሁ ለመላክ ዝግጁ ነኝ፤ የሁለት ጓደኞቼም አለ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ዕረፍታችን ስለሆነ በዚያ ሰዓት ቢደወልልን ሁላችንም እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የሒሳብ መምህርት፣ ከሪያድ